«ደበረኝ» እና ድብርት፦ ተማሪም መምህርም ሊለየው የሚገባ

ሺሺንዳ ላይ አንድ ተማሪ «ደበረኝ» ቢል ማንም አይደነግጥም። ቃሉ በንግግራችን መሰልቸት ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ይደብራል። ችግሩ፣ ሐኪሞች «ድብርት» የሚሉት ሕመም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ ታሞ «ደበረኝ» ያለው ልጅ፣ ሰልችቶት ካለው ጋር ይምታታል። ትምህርት ቤት ስለ ድብርት ሲያስተምር መጀመር ያለበትም ከዚህ ነው።

🔹 ልዩነቱ ምንድን ነው?

መሰልቸት ጓደኛ ሲመጣ ወይም ኳስ ሲጀመር ይለቃል። ድብርት እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሐዘን ወይም የሚወዱትን ነገር ሁሉ መተው ይታያል። በዚያ ላይ እንቅልፍና ምግብ ይዛባል፣ ጉልበት ያልቃል፣ ትምህርት አልገባ ይላል፣ «እኔ አልረባም» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። ታዳጊዎች ላይ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ሊጎላ ይችላል። «ሰነፍ» ወይም «ባለጌ» የተባለው ልጅ ታሞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ 1ዱ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ድብርት ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

🔹 መምህር ብቻውን ይችላል?

ሕንድ ቢሃር ውስጥ በ74 ትምህርት ቤቶች የተሞከረና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ፕሮግራሙን ለዚሁ ሥራ የተመደቡ፣ ሐኪም ያልሆኑ አማካሪዎች ሲሰጡት የተማሪዎች ድብርት ቀነሰ። ያንኑ መምህራን ሲሰጡት ግን ለውጥ አልታየም። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ የሠለጠኑ ወጣቶች 4 ጊዜ ብቻ የቡድን ውይይት መርተው፣ የድብርት ምልክት የነበረባቸው ተማሪዎች ተሽሏቸዋል።

ስለዚህ የመምህሩ ሥራ ማከም አይደለም፤ ቀድሞ ማየትና ማገናኘት ነው።

🔹 መምህር ምን ያድርግ?

✔️ ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ሰሞኑን ተለውጠህብኛል፣ ምን ሆንክ?» ይበል
✔️ ሳያቋርጥ ያዳምጥ
✔️ ክፍል ፊት አያንሳበት
❌ «ጠንክር እንጂ»፣ «የእምነት ጉድለት ነው» አይበል

🔹 ጓደኛስ?

ጓደኛችሁ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ እንደ ቀልድ አትለፉት። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ብቻውን አትተዉት፣ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ወዲያው ንገሩ። «ለማንም አትንገር» ቢላችሁም ንገሩ፤ ይሄ የሚጠበቅ ሚስጥር አይደለም።

🔹 የት ይኬዳል?

መጀመሪያ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ። ከዚያ የሚያስፈልገው ሪፈር ተጽፎለት ቦንጋ ወዳለው ገብረፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። ድብርት በምክክር ይታከማል፣ ሐኪም ካዘዘ ደግሞ በመድኃኒት። ጸበል ወይም ጸሎት የያዘ ልጅም ሕክምናውን መተው የለበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለመምህራን፦ ቤቱ ካፊኖኖ የሚያወራ ልጅ ሕመሙን በአማርኛ «ድብርት» ብሎ ላይጠራው ይችላል። ስሙን ከማስጠናታችሁ በፊት «ልብህ ሲከብድ እቤት ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።