ሰንደቅ ዓላማው ሳይለወጥ፤ የሆንግ ኮንግ ሕዝብ የፓስፖርት ሰልፍ

የአንድ አገር ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በታሪክ መጻሕፍት የምናነበው ስለ ውልና ስለ ሰንደቅ ዓላማ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ማመልከቻና ስለ ሰልፍ ጥቂት ልንናገር አሰብን፤ ተራው ሰው የመንግሥትን መለወጥ የሚያውቀው በዚህ በኩል ነውና።

እንግሊዝ የሆንግ ኮንግን ደሴት ከቻይና የወሰደችው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1842 ነው። ሰፊውን የየብስ ክፍል ግን በ1898 ለ99 ዓመት ተከራይታ ስለ ነበር፣ ዘመኑ ሲቃረብ ሁለቱ መንግሥታት በ1984 ተፈራርመው፣ ግዛቱ በሙሉ በጁላይ 1 ቀን 1997 ለቻይና እንዲመለስ ተስማሙ።

ታዲያ ሕዝቡ ምን ፓስፖርት ይያዝ? በዚያ የተወለዱት የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት ዜጎች ይባሉ ነበር፤ ይህ ስም ከርክክቡ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ከ1987 ጀምሮ «የባሕር ማዶ እንግሊዛዊ» የሚል አዲስ ስም ተፈጠረ። ፓስፖርቱ ለጉዞ ይጠቅማል፤ እንግሊዝ አገር ገብቶ ለመኖር ግን መብት አይሰጥም። እንግሊዛዊ ተብሎ እንግሊዝ አለመግባት ለእኛ እንቈቅልሽ ሆኖብናል።

የሚመዘገበው ሰው በሚሊዮን የሚቈጠር ስለ ነበር፣ ሹሞቹ ሕዝቡን በተወለደበት ዓመት ከፋፍለው ለየክፍሉ የተለየ የመጨረሻ ቀን ቈረጡ። ይህ መልካም ብልሃት ነበር። ነገር ግን ከዋናው ቻይና ፈልሰው የመጡት በመወለድ ያገኙት ዜግነት ስላልነበራቸው፣ አስቀድመው የጥገኛውን ግዛት ዜግነት በማመልከቻ ማግኘት ነበረባቸው። ለዚህ የተቈረጠው ቀን ለሽማግሌውም ለወጣቱም አንድ ነበር፤ ማርች 31 ቀን 1996።

ያን ጊዜ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ዋን ቻይ በሚባለው ሰፈር ያለውን የኢሚግሬሽን ሕንፃ ሰልፉ ከበበው። በመጨረሻይቱ ቀን ብቻ ከ50,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ! በዚያ ቀን ዋናው ነገር ወረቀቱን መቀበል ነበር፤ ምርመራው ይዘገያል። የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ዜግነቱ ሲፈቀድላቸው፣ ሊሄድ ጥቂት ወራት ለቀረው ዘውድ የታማኝነት መሐላ ይፈጽማሉ።

ቻይናውያን ያልሆኑት ነዋሪዎች፣ ለምሳሌ ከህንድ የመጡ ቤተ ሰቦች፣ ጭንቀታቸው የባሰ ነበር፤ ቻይና እንደ ዜጎቿ አትቈጥራቸውምና። ሌላ ዜግነት ለሌላቸው ሙሉ የእንግሊዝ ዜግነት የሚሰጠው ሕግ የወጣው በ1997 ርክክቡ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው።

በጃንዋሪ 2021 እንግሊዝ «የባሕር ማዶ እንግሊዛውያን» ከነቤተ ሰባቸው መጥተው እንዲኖሩ የቪዛ በር ከፈተች። በዚያ ሰልፍ የቆመ አባት ያገኘው ወረቀት፣ ለልጆቹ ያገለገለው ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።