ወረቀት ላይ የሚሠራ ግብር

ሥራ እንደጀመርኩ የደመወዝ ግብር የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍ ተባልኩ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። የሕጉን ሰንጠረዥ አስገባሁ፣ አለቀ። ግብር ማለት ስሌት ነው ብዬ ደመደምኩ። የኒኮላስ ካልዶርን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ካልዶር በ1908 ቡዳፔስት ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለንደን ተማረ፣ በኋላ ካምብሪጅ አስተማረ። በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው መገበር ያለበት ባገኘው ሳይሆን ባወጣው ልክ ነው ብሎ ተከራከረ። በዓመቱ የግብር ሥርዓቷን እንዲያጠና ሕንድ ጋበዘችው።

ያቀረበው ንድፍ ፕሮግራመርን ያስቀናል። አምስት ግብሮች አሉት፦ በገቢ፣ በካፒታል ዋጋ ዕድገት፣ በሀብት፣ በወጪ እና በስጦታ ላይ። ሁሉም በአንድ ቅጽ ይሞላሉ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ገቢህን ብትደብቅ ገንዘቡ ቤት ሆኖ ሀብትህ ላይ፣ ወይ ድግስ ሆኖ ወጪህ ላይ ብቅ ይላል። ለወንድምህ ብትሰጠው ደግሞ የስጦታ ግብሩ ይይዘዋል። በምላሹ ከፍተኛው የገቢ ግብር ምጣኔ ከ45 በመቶ እንዳይበልጥ መከረ። ምጣኔው በጣም ሲከብድ ሰው መክፈሉን ትቶ መደበቂያ ይፈልጋላ!

ሕንድ ከ1957 ጀምሮ አዳዲሶቹን ግብሮች አወጀች፤ ግን ጥቅሉን በትና ነው የወሰደችው። የገቢ ግብሩ የተባለውን ያህል አልወረደም፣ ነፃ የሚያወጡ አንቀጾችም በዙ። ሰንሰለቱ ሲበጠስ መጠባበቁ ቀረ። የወጪ ግብሩ በ1962 ተሰረዘ፣ በ1964 ተመለሰ፣ በ1966 እንደገና ተሰረዘ። ባለሀብቱ አደባባይ መውጣት እንኳ አላስፈለገውም።

ጋና ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ካልዶር የመከረበት የ1961 በጀት ከደመወዝ ላይ የግዴታ ቁጠባ ይቆርጥ ነበር። የሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡርና የወደብ ሠራተኞች አድማ መቱ። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ ቅኝ በነበረችው ጊያናም የቼዲ ጃጋን መንግሥት በእሱ ምክር የሀብትና የስጦታ ግብር ከግዴታ ቁጠባ ጋር አቀረበ። ነጋዴውም ሠራተኛውም ባንድ ላይ ተነሡ። ፌብሩዋሪ 16 የጆርጅታውን ገበያ ሰፈር ተቃጠለ፣ የእንግሊዝ ወታደር ገባ።

በ1963 ካልዶር ድሃ አገሮች ግብር መሰብሰብ ይማሩ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። ዋናው እንቅፋት የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የባለንብረቱ ፖለቲካዊ ጉልበት ነው አለ።

ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገረን። ባለሀብቱን ለመያዝ አምስት ግብርና አንድ ቅጽ ያስፈልጋል። ደሞዝተኛውን ለመያዝ ግን አንድ መስመር ይበቃል፤ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። መንግሥት ሲቸግረው ቀላሉን ነው የሚያነሣው። የእኔ ፕሮግራም በግማሽ ቀን ያለቀው ጎበዝ ስለሆንኩ አልነበረም። የተጻፈው መደበቂያ በሌለው ሰው ላይ ስለሆነ ነው።