ከአንደኛው በላይ የወጣችው ተማሪ

እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ከተማ፣ ጁን 7 ቀን 1890። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴኔት ሃውስ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሒሳብ ፈተና ውጤት የሚነበብበት ቀን ነው። የወንዶቹ ስም ከአንደኛው ጀምሮ በደረጃቸው ተጠራ። አንደኛ የወጣው ጄፍሪ ቶማስ ቤኔት የሚባል ወጣት ነበር። ተጨበጨበለት፣ ተጮኸለት። ከዚያ የሴቶቹ ተራ ደረሰ።

የሴቶች ውጤት ለብቻው ነበር የሚነበበው። የራሳቸው ቁጥር የላቸውም። ደረጃቸው በወንዶቹ ዝርዝር ላይ እየተለካ «ከስምንተኛው እኩል» ወይም «በሃያኛውና በሃያ አንደኛው መካከል» ይባልላቸዋል። ያን ቀን ከሴቶቹ መጀመሪያ የተጠራችው ፊሊፓ ፎሴት ነበረች። ደረጃዋም ሲነበብ «ከአንደኛው በላይ» ተባለ።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። የ22 ዓመቷ ተማሪ ከእሷ ቀጥሎ ከነበረው ተፈታኝ በ13 በመቶ የበለጠ ነጥብ አምጥታ ነበር። ወሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ጋዜጦች ላይ ደረሰ።

ቤኔት በወጉ መሠረት ዲግሪውን ወሰደ። ፊሊፓ ግን አልወሰደችም። ካምብሪጅ ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበርና።

*

ጉዳዩ ለምን ያን ያህል እንዳስጮኸ ለመረዳት ፈተናው ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና «ትራይፖስ» ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ምድር ከእሱ የሚከብድና ከእሱ የሚከበር ፈተና አልነበረም ማለት ይቻላል። በአንደኛ ማዕረግ ያለፉት «ራንግለር» ይባላሉ፤ ተከራካሪ እንደማለት ነው። የሁሉም ቁንጮ «ሲኒየር ራንግለር» ነው። አንደኛ የወጣ ልጅ ስሙ በአገሩ ጋዜጦች ይወጣል፣ ፎቶግራፉ ይሸጣል። በማዕረግ ካለፉት የመጨረሻ ለሆነው ደግሞ ጓደኞቹ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ያበረክቱለታል፤ ዲግሪውን ሲቀበል ከሰገነቱ ላይ በገመድ ያወርዱለታል።

ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው ለዚህ ፈተና ስለማይበቃ ተማሪው ገንዘብ ከፍሎ የግል አሠልጣኝ ይይዛል። ከአሠልጣኞቹ ሁሉ ስመ ጥሩ ኤድዋርድ ራውዝ ነበር። እሱ ካሠለጠናቸው ውስጥ 27ቱ አንደኛ ወጥተዋል። ራውዝ ራሱም በ1854 አንደኛ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለተኛ የወጣው ማን መሰላችሁ? ጄምስ ክላርክ ማክስዌል! የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ሕግ አንድ ላይ አስሮ የዘመናዊ ፊዚክስን መሠረት የጣለው ሰው። ኬልቪን የሚባለው የሙቀት መለኪያ በስሙ የተጠራለት ዊልያም ቶምሰንም በ1845 ሁለተኛ ነበር።

ትራይፖስ እንግዲህ የወደፊቱን ታላቅ ሳይንቲስት ለይቶ የሚያወጣ ሚዛን አልነበረም። በዋናነት የሚለካው ፍጥነትን፣ ልምምድንና ጥያቄን የመፍታት ብልሃትን ነው። በ1893 ሰባተኛ የወጣው በርትራንድ ረስል ፈተናውን እንደጨረሰ የሒሳብ መጻሕፍቱን በሙሉ ሸጦ ዳግመኛ ሒሳብ ላለማየት እንደማለ ራሱ ጽፏል። ደግነቱ መሐላውን አልጠበቀም።

ነገር ግን የሚዛኑ ጉድለት አንድ ነገር ነው፤ አገር ሁሉ ያመነበት መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው። የፊሊፓ ውጤት ክብደቱ ከዚያ እምነት የመጣ ነበር።

*

ሴቶች ወደ ካምብሪጅ የገቡት በጓሮ በር ነው። ገርተን ኮሌጅ በ1869፣ ኒውናም ኮሌጅ በ1871 ለሴቶች ተቋቋሙ። ዩኒቨርሲቲው ግን ሁለቱንም የራሱ አላደረጋቸውም። ሴቶቹ ትምህርት የሚከታተሉት መምህሩ ከፈቀደ፣ የሚፈተኑትም ፈታኞቹ ለመልካም ፈቃድ ያህል ወረቀታቸውን ካረሙላቸው ነበር።

በ1880 ሻርሎት ስኮት የምትባል የገርተን ተማሪ ከስምንተኛው እኩል ነጥብ አመጣች። ውጤቷን በይፋ ማንበብ ክልክል ነበር። የስምንተኛው ወንድ ስም ሊጠራ ሲል ግን በአዳራሹ የነበሩት ተማሪዎች የእሷን ስም እየጮኹ የእሱን ስም ዋጡት። በዓመቱ፣ በ1881፣ ሴቶች ለመፈተንና ውጤታቸው ለብቻው ተዘርዝሮ እንዲነበብ በደንብ ተፈቀደላቸው። ዲግሪው ግን አልተፈቀደም።

በ1887 ደግሞ አግናታ ራምዚ በግሪክና በላቲን ትምህርት ፈተና ከወንድ ከሴት በከፍተኛው እርከን ብቻዋን ተቀመጠች። ተጠራጣሪዎቹ ለዚህም መልስ አላጡም። ቋንቋ በጥናት ይያዛል፤ ሒሳብ ግን የወንድ አእምሮ ይጠይቃል አሉ። ከባድ ጥናት የሴትን ጤና ያቃውሳል የሚሉ ሐኪሞችም ነበሩ። በእኛ አገር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባለውን የካምብሪጅ ሊቃውንት በሐኪም ማስረጃ አስደግፈው ይናገሩት ነበር ማለት ነው።

ፊሊፓ ይህንን ክርክር በእናቷ ጡት የጠባች ልጅ ናት። አባቷ ሄንሪ ፎሴት ከ20ዎቹ ዕድሜው ጀምሮ ዓይነ ስውር ሆኖ ሳለ የካምብሪጅ ፕሮፌሰር፣ የፓርላማ አባልና የፖስታ ሚኒስትር ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። ሰባተኛ ራንግለርም ነበር። እናቷ ሚሊሰንት ፎሴት የሴቶችን የመምረጥ መብት ትግል ከመሩት ግንባር ቀደሟ ናት። የኒውናም ኮሌጅ ሐሳብ ከተመከረባቸው ቤቶች አንዱ የእነሱ ነበር፤ ፊሊፓ ያኔ ጨቅላ ነበረች። ስለዚህ ከባዶ የተነሳች አይደለችም። መጽሐፍ፣ አሠልጣኝና ከኋላዋ የቆመ ቤተሰብ ነበራት። ያልነበራት ዩኒቨርሲቲው የሚቀበላት ሰው መሆን ብቻ ነው።

*

ከ1890 በኋላ በሩ ይከፈታል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር። ማስረጃው ቀርቧል፣ ያውም በራሳቸው ሚዛን። የሆነው ግን ሌላ ነው።

በሜይ 1897 ለሴቶች የዲግሪ መጠሪያ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። ድምፅ የሚሰጡት የዩኒቨርሲቲው የማስተርስ ባለዲግሪዎች ናቸው። ከለንደን እነሱን የሚያመጣ ልዩ ባቡር ተዘጋጀ። ከሴኔት ሃውስ ፊት ለፊት፣ ብስክሌት ላይ የተቀመጠች ሴት ምስል ተሠርቶ ተሰቀለ። ውጤቱ 662 ድጋፍ፣ 1,713 ተቃውሞ ሆነ። ወንዶቹ ተማሪዎች ምስሉን አውርደው ቦጫጨቁትና ወደ ኒውናም ተምመው በበሩ ፍርግርግ ወተፉት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከፊሊፓ በፊት ሙግቱ «ሴቶች አይችሉም» ነበር። ከእሷ በኋላ ይህንን ደፍሮ መናገር አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ ሙግቱ ተቀየረ፤ ካምብሪጅ የወንዶች ቤት ነው፣ ዲግሪ ከሰጠናቸው ነገ በአስተዳደሩም ድምፅ ይጠይቃሉ ተባለ። ድሮም የነበረው ምክንያት ይሄው ነበር። ነጥቡ በሩን አልከፈተም፤ በሩ የተዘጋበትን እውነተኛ ምክንያት ግን ገልጦ አሳየ።

ለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1878፣ ኦክስፎርድ በ1920 ለሴቶች ዲግሪ ፈቀዱ። ካምብሪጅ በ1921 እንደገና ድምፅ ሰጥቶ መጠሪያውን ብቻ ፈቀደ። ስሙ አለ፣ በዩኒቨርሲቲው ጉዳይ የመወሰን መብቱ የለም። በዚያ ምሽትም ተማሪዎች የኒውናምን የነሐስ በር በጋሪ እየገጩ ሰባበሩት።

*

ፊሊፓ በኒውናም ሒሳብ ስታስተምር ቆየች። ከቦር ጦርነት በኋላ በ1902 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ በትራንስቫል የመምህራን ሥልጠናና የትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ተሠማራች። በ1905 ተመልሳ በለንደን ከተማ አስተዳደር የትምህርት መሥሪያ ቤት ገባች፤ በ1934 ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚያው አገለገለች። ብዙ የለንደን ሕፃናት የተማሩበት ሥርዓት ውስጥ የእሷ እጅ አለበት።

ያ ሁሉ ጩኸት የተጮኸለት ደረጃ ደግሞ ከእሷ በፊት ሞተ። በ1898 አራተኛ የወጣው ጂ. ኤች. ሃርዲ፣ ፈተናው እውነተኛ ሒሳብን እየገደለ ነው ብሎ ከተሟገቱት አንዱ ነበር። ራንግለሮችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ መጥራት በ1909 አበቃ። የእንጨት ማንኪያውም አብሮ ቀረ።

ካምብሪጅ ሴቶችን ሙሉ አባል ለማድረግ የወሰነው በ1947 መጨረሻ ነው። በኦክቶበር 1948 የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ባለቤት ንግሥት ኤልሳቤጥ በክብር ዲግሪ በሩን ከፈተች። የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች።

ፊሊፓ ፎሴት በዚያው ዓመት ጁን 10 ቀን በ80 ዓመቷ አርፋ ነበር። አራት ወር ቀደመቻቸው። «ከአንደኛው በላይ» ከተባለችበት ቀን 58 ዓመት ከሦስት ቀን አልፎ ነበር።

ዛሬ በምረቃ ቀን የማዕረግ ተመራቂዎች ስም ሲጠራ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ሊያጨበጭብም ይገባል። ነጥብ ሠርተው ያመጡት ነውና የባለቤቱ ነው። ክብሩን የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ከነፈገ፣ ችግሩን ነጥቡ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በ1897 እምቢ ካሉት ከ1,713ቱ ስንቶቹ የፊሊፓን ጥያቄዎች መሥራት ይችሉ እንደነበር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።