የሸማው ጥለት፦ የኢፋት ሸማኔና የሐር ብያኔ

ስለ አገር ልብስ የሚጻፈው ሐተታ ነጠላውንና ጋቢውን ከበዓልና ከክብር ጋር አያይዞ ያወሳል፤ ማን ሸመነው የሚለውን ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይነካው ያልፋል። በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም ከአንኮበር ተራራ ሥር በተዘረጋው የኢፋት ቆላ፣ ይህ ጥያቄ ወደ ሙስሊሙ ሸማኔ፣ ከሁሉ በፊትም ወደ አርጎባው ደጃፍ ይመራናል። ነገሩን እስከ ጥለቱ ድረስ የምንከታተለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥለት የሸማኔው ጥበብ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ነው፤ የፊቅህ ብያኔም የወንድን ሸማ የሚነካው እዚያው ላይ ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ልብሱን ለሁለት ከፍሎታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ አንኮበር ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ ምድሩ ወደ አዋሽ ሸለቆ በድንገት ይወርዳል። ደጋው የበግ አገር ነው፤ ቆላው የጥጥ። በመንዝ ሴቶች የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶች ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠሩበታል። ይህ ልብስ ከባድና ሻካራ ነው፤ ገላን ይኮሰኩሳል፤ ነገር ግን የደጋውን ውርጭና ካፊያ የሚመክት ሌላ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም የተተከለው በዚሁ የሱፍ አገር እምብርት ነው። ከተማዋ በምንጣፍ ሥራዋም ትታወቃለች። ምንጣፉን በአማርኛ «ስጋጃ» የምንለው፣ ከዐረብኛው «ሰጃዳ»፣ ማለትም ሱጁድ ከሚደረግበት ንጣፍ የመጣ ስም ይዘን ነው፤ የክርስቲያኑም ቤት ሳሎን በዚሁ ስም በሚጠራ ዕቃ መነጠፉን እግረ መንገዳችንን ልብ እንላለን።

ጥጡና ሸማው ግን የቆላው ናቸው። ኢፋት እ.ኤ.አ. ከ1285 ጀምሮ የወለስማዎች ሥርወ መንግሥት የገዛው ሱልጣኔት ነበረ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) እንኳ፣ የኢፋት ሹም ወለስማ መሐመድ የሚባል ሙስሊም ነበር፤ የጥንቱ ስም በሹመት መልክ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። ከአንኮበር ሥር ያለችው ዓልዩ አምባ ከታጁራ ወደብ የሚነሣው የግመል ጉዞ መድረሻ ነበረች። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አደሬው ነጋዴና አማራው ጥጥን፣ ፈትልን፣ ሸማን፣ ጨውንና ቡናን ይለዋወጡባት ነበር። ገበያዋ የሚውለው ዓርብ በመሆኑ ገበያና ጁምዓ በአንድ ቀን ይገናኙ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 በዚህችው ከተማ ተቀምጦ ነበር፤ በ1844 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ዓልዩ አምባ ኑሮ ከቀሩልን የዓይን ምስክሮች አንዱ ነው። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1841 የመጣው የሜጀር ሀሪስ ልዑክ ለንጉሡ ካቀረበው ገጸ በረከት መካከል ምንጣፍና የካሽሚር ሻል ይገኙበት ነበር። የውጭው ጌጠኛ ጨርቅ ወደ ቤተ መንግሥቱ የወጣው የአርጎባ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ድሩን በሚያቀናበት አገር አልፎ ነው።

ሙስሊሙ ሸማኔና ነጋዴ የሆነው ርስት ስለ ተነፈገ ነው የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል። በደጋው የክርስቲያን ግዛት ላይ ይህ በእጅጉ እውነት ነው፤ የርስት ጥያቄ መልስ ያገኘው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ለኢፋት አርጎባ ግን አባባሉ እንዳለ አይሠራም ብለን እናምናለን። አርጎባው በገዛ አገሩ ገበሬም ነበር፤ ማሽላውን ከጥጡ፣ ሽመናውን ከንግዱ ጋር አዳብሎ ይዟል። ሽመናን የተጠጋው ከጥጡና ከገበያው መካከል ስለ ኖረ ነው እንጂ ሌላ ስላጣ ብቻ አይደለም። ንቀቱ ግን ከሁለቱም አልራቀም። ሸማኔ መባል እንደ ስድብ ይቆጠር ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ብቻውን የስድቡን ስፋት ይመሰክራል፤ ተሳዳቢው ራሱ የሸማኔውን እጅ ሥራ ተከናንቦ ነበርና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። እስከዚህ ያለው የሴቶች ሥራ ነው። ወንዱ ድሩን አድርቶ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አስገብቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ እየረገጠ የድሩን ክሮች ተራ በተራ ያነሣል፤ ማጉ የተጠቀለለበትን ቀሰም የያዘውን መወርወሪያ በመካከላቸው ያሳልፋል። የሸማው አሠራር ከሁሉ ቀላሉ ነው፦ ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለፈ ይሄዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው የፈትሉ ቅጥነት፣ የምቱ ጥብቀትና የድርቡ ብዛት ነው። ነጠላ ከቀጭን ፈትል ተሠርቶ ሁለት ድርብ ይሆናል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ይለሰልሳል፤ ይሞቃል። ኩታ የወንድ ነው፤ እንደ ነጠላ ሁለት ድርብ ሆኖ ሰፋ ይላል። ቡሉኮ ከወፍራም ፈትል ስለሚሠራ ለሌሊት ብርድ ይሆናል።

ያው ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሌላም አገልግሎት ነበረው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተከፈኑት በሦስት ነጫጭ የየመን የጥጥ ጨርቆች እንደ ነበረ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አውስተዋል። የእጅ ሸማ ለዚህ የሚመች ነበር፤ በኋላ ከውጭ የመጣው አቡጀዲ ርካሽ ስለ ሆነ ሸማኔውን ከከፈኑም ገበያ አስወጥቶታል።

ጥለቱ የተለየ ሥራ ነው። ሸማኔው ነጩን ማግ ካሳለፈ በኋላ ባለቀለሙን ክር በተጨማሪነት ያስገባል፤ የሚነሡትን ድሮች በጣቱ እየቆጠረ ይለያል። አንድ መዳፍ የማይሞላ ጥለት ከክንድ ሙሉ ነጭ ሸማ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ባለቀለም ክር በአገር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የቀድሞዎቹ ሸማኔዎች ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ተርትረው ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት ልብስ የሆነው ለዚህም ነው፤ ቀዩ ክር ውድ ነበር፤ ሐር ሲሆን ደግሞ እጅግ ውድ።

ኢማሙን የሚመለከተው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሙሽራው ጥለቱ ሐር የሆነ ኩታ ለብሶ መስጂድ ቢገባ ምን ይባላል? ሐር ለወንዶች ክልክል፣ ለሴቶች የተፈቀደ ስለ ሆነ በነጠላና በቀሚስ ላይ ጥያቄ የለም። በወንዱ ልብስ ላይ ግን ዑመር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኝ ሐዲስ አለ፤ ከክልከላው የሁለት፣ የሦስት ወይም የአራት ጣት ስፋት ያህል ተነሥቷል። በዚያው ኪታብ የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ.) ጠርዙ ሐር የሆነ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጁባ ማሳየታቸው ተዘግቧል። በአካባቢው በሚቀራው የሻፊዒይ መዝሀብ፣ ኢማም ነወዊ በሚንሃጅ ከሐር የሆነን ጌጥና ጠርዝ በልማዱ መጠን ይፈቅዳሉ፤ የመዝሀቡ ሊቃውንትም በጌጡ ላይ የአራት ጣትን ልክ ያስቀምጣሉ። ሐር ከሌላ ክር ጋር ተደባልቆ ሲሸመን ደግሞ የሚታየው ክብደቱ ነው፤ ሐሩ ካመዘነ ይከለከላል። እንግዲህ በነጭ ጥጥ ጫፍ ላይ ያለ ጠባብ የሐር ጥለት የተፈቀደው ስፍራ ነው። ስፋቱን በጣት መለካት የሚያስፈልገው ጥለቱ ወደ ኩታው መሐል ሲወጣ ነው፤ የዘመኑ ሙሽራ ኩታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ በገበያ «ሐር» የሚባለው ክር አብዛኛው ሐር አይደለም። ከእንጨት ወይም ከነዳጅ ዘይት ውጤት በፋብሪካ የተሠራ አንጸባራቂ ክር ነው። በርካታ የዘመናችን ዑለማእ ክልከላው ትሉ የሚፈትለውን እውነተኛ ሐር እንደሚመለከት፣ ሰው ሠራሽ ክር በስሙ ብቻ እንደማይከለከል ያስተምራሉ። ወርቀ ዘቦም እንዲሁ ነው፤ ወርቅ ለወንድ ክልክል ቢሆንም በገበያ የሚሸጠው ብልጭልጭ ክር በአብዛኛው ወርቅ የለበትም። ስለዚህ ኢማሙ ከብያኔው በፊት ክሩን ማወቅ ይኖርበታል። ሸማኔዎች የሚያውቁት ቀላል መንገድ አለ፦ ከጥለቱ የተረፈች አንዲት ክር ትቃጠላለች። እውነተኛ ሐር እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ከእንጨት የተሠራው እንደ ወረቀት ነድዶ ያልቃል። ከነዳጅ ዘይት የተሠራው ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል።