የፖሊስ አዛዥን ማን ይሾማል? ማንስ ይሽራል?
(የሎስ አንጀለስ ከተማ ታሪክ የሚያስተምረን)

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን ስለ ከተማ አስተዳደር ታሪክ በምናስተምርበት ጊዜ ከሠልጣኞች ዘንድ በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የአንድን ከተማ የፖሊስ አዛዥ የሚሾመው ማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል፣ መልሱም ባንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ከጀርባው ሌላ የከበደ ጥያቄ ተሰውሮ እናገኛለን፤ እርሱም «የተሾመው ሰው ቢያጠፋ ማን ይሽረዋል?» የሚለው ነው። ሹመትና ሽረት እንደ በርና መዝጊያ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ለቤቱ አይበጅም።

ይህን ጉዳይ ለማብራራት የአሜሪካን ከተማ ሎስ አንጀለስን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ይህች ከተማ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ አዛዥ የመሾሚያውን መንገድ ደጋግማ ስለ ለወጠችና የእያንዳንዱም ለውጥ ውጤት በግልጽ ስለሚታይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ ስለ አመጣጡ ጥቂት እንበል። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የከተማ ፖሊስ በእንግሊዝ አገር በ1829 ሮበርት ፒል ለለንደን ባቋቋመው ኃይል እንደ ተጀመረ በብዙ መጻሕፍት ይነገራል። ያን ኃይል እንዲመሩ የተሾሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ቻርልስ ሮዋን የተባለ የጦር መኮንን፣ ሁለተኛው ሪቻርድ ሜይን የተባለ የሕግ ባለሙያ። ሹመታቸው ግን የመጣው ከከተማው ምክር ቤት ሳይሆን ከመንግሥት ሚኒስትር ነው። በ1835 የወጣው የከተሞች ሕግ ደግሞ ከለንደን ውጭ ላሉት ከተሞች ሌላ መንገድ ከፈተ፤ የከተማው ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ኮሚቴ መርጦ ፖሊሶቹን እንዲቀጥርና እንዲያሰናብት ተደረገ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ «አዛዡ የማን ነው? የመንግሥቱ ወይስ የከተማው?» የሚለው ክርክር አብሮ ተወለደ ማለት ነው። በእኛም አገር ስለ አራዳ ዘበኛ ከአባቶቻችን የሰማን ሁሉ ክርክሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለስ። ከተማይቱ ደመወዝ የሚከፈላቸውን የመጀመሪያ ፖሊሶች የቀጠረችው በ1869 ሲሆን ቁጥራቸውም ከስድስት አይበልጥም ነበር። በ1876 ጄከብ ገርኪንስ የተባለው ሰው የመጀመሪያው የፖሊስ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ከእርሱ በኋላ ለአሥር ዓመታት ያህል አዛዦች ቶሎ ቶሎ ተለዋወጡ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በሥልጣን ላይ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆዩም። በ1889 የተሾመው ጆን ግላስ እስከ 1900 መቆየቱ በዚያ ዘመን እንደ ብርቅ የሚቆጠር ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። አዛዡ በፖለቲከኞች መልካም ፈቃድ የሚሾም ከሆነ ፖለቲከኞቹ ሲለወጡ አብሮ ይለወጣል። ነገ እንደሚሻር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወይ ሥራውን ቸል ይላል፣ ወይ ለራሱ ያከማቻል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የሀገራችን አባባል የሚሠራው በሀገራችን ብቻ አይደለም።

በ1923 ከተማይቱ ሌላ መንገድ ሞከረች። ኦገስት ቮልመር የበርክሌ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ስለሆነ ለአንድ ዓመት በውሰት መጥቶ ሎስ አንጀለስን እንዲመራ ተጋበዘ። ቮልመር ፖሊስ መማር አለበት፣ በፈተና መመረጥ አለበት የሚል እምነት ነበረው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ወደ በርክሌ ተመለሰ፤ ከተማይቱም ወደ ቀድሞ ልማዷ ተመለሰች። ከዚህ የምንረዳው ሥርዓቱ ሳይለወጥ ደግ ሰው ብቻውን ቢመጣ የሚተክለው ነገር ሥር እንደማይሰድ ነው።

የሥርዓቱ ብልሽት ጎልቶ የታየው በ1930ዎቹ ነው። ፍራንክ ሾው በ1933 ከንቲባ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ ጄምስ ዴቪስ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያን ጊዜ የከተማው ሹመት በገንዘብ ይሸጣል እየተባለ ይታማ ነበር። በጃንዋሪ 1938 የአስተዳደሩን ምግባረ ብልሹነት ይመረምር በነበረው ሃሪ ሬይመንድ በተባለ የቀድሞ ፖሊስ መኪና ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ሰውየው ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በወንጀሉ ተከሶ የተፈረደበትም ሌላ ሰው ሳይሆን አንድ የከተማው ፖሊስ ሻምበል ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በድምፁ ከንቲባውን ከሥልጣን አወረደ። አዛዡ ዴቪስም ብዙ ሳይቆይ ከሥራው ተሰናበተ።

እንግዲህ የነገሩ አስገራሚነት እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ከፖለቲከኞች ጣልቃ ገብነት የተማረው ትምህርት «አዛዡን ከፖለቲከኞች እጅ እናውጣው» የሚል ሆነ። ለዚህም የሚሆነው ሕግ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1930ዎቹ በተደረጉ የቻርተር ማሻሻያዎች፣ በተለይም በ1937ቱ፣ አዛዡ በውድድር ፈተና የሚመረጥ፣ ከተሾመ በኋላም በቂ ምክንያት ቀርቦ፣ ጉዳዩ በችሎት ካልተሰማ በቀር የማይነሣ ሆነ። ከንቲባው የሚሾማቸው አምስት ሲቪሎች ያሉበት የፖሊስ ኮሚሽን በስም የበላይ ቢሆንም አዛዡን የሚያዝበት በትር አልነበረውም።

በዚህ ሕግ መሠረት በ1950 ዊልያም ፓርከር ተሾመ። ፓርከር በፈተናው አንደኛ ቢወጣም ኮሚሽኑ ወደ ሌላው ዕጩ ወደ ታድ ብራውን ያዘነብል እንደ ነበር ይነገራል፤ ለብራውን ድምፅዋን ትሰጣለች ተብላ የምትጠበቀው ኮሚሽነር ድምፅ ከመሰጠቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በመሞትዋ ሚዛኑ ተለወጠ። ፓርከር ጉቦን በመዋጋትና የሥልጠናን ደረጃ ከፍ በማድረግ ስም አተረፈ። በዚህ ረገድ የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። ነገር ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንደሚባለው ሆነና ስለ አሠራሩ የሚጠይቀው ጠፋ። ጥቁሮቹ የከተማይቱ ነዋሪዎች ስለ ፖሊስ ጭካኔ የሚያቀርቡት አቤቱታ ሰሚ ጆሮ አላገኘም። በኦገስት 1965 በዋትስ ሰፈር ሁከት ተነሥቶ 34 ሰዎች ሞቱ። ፓርከር ግን በ1966 ሞት እስኪወስደው ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሕጉም ሳይነካ ኖረ። በ1978 ዳርል ጌትስ አዛዥ ሆነ። ከንቲባው በ1973 የተመረጠው ቶም ብራድሊ ነበር፤ ብራድሊ የከተማይቱ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሲሆን ራሱም በዚያው ፖሊስ ውስጥ በመቶ አለቅነት ያገለገለ ሰው ነው። በማርች 1991 ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ሰው ሲደበድቡ የሚያሳይ ፊልም በመላው ዓለም ታየ። ከንቲባው አዛዡ ሥራውን እንዲለቅ ጠየቀ፤ አዛዡ እምቢ አለ። የፖሊስ ኮሚሽኑ ለ60 ቀን ከሥራ አገደው፤ የከተማው ምክር ቤት ጣልቃ ገብቶ እርሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከንቲባውና የፖሊስ አዛዡ ከዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። በአንድ ከተማ ሁለት ሹማምንት ተኳርፈው ሲኖሩ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም። በኤፕሪል 29 ቀን 1992 ደብዳቢዎቹ ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነፃ ሲባሉ ከተማይቱ ተቃጠለች፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ አንድ ቢልዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ወደመ።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1991 በዋረን ክሪስቶፈር የተመራ አጣሪ ኮሚሽን የአዛዡ ዘመን እንዲወሰን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በጁን 1992 ሕዝቡ ሐሳቡን በድምፁ አጸደቀው። አዲሱ ሥርዓት ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ከውስጥም ሆነ ከውጭ የሚመጡ አመልካቾች ይመዘናሉ። የፖሊስ ኮሚሽኑ ሦስት ስሞች መርጦ ለከንቲባው ያቀርባል። ከንቲባው አንዱን ይሾማል። የከተማው ምክር ቤት ሹመቱን ያጸድቃል። ዘመኑ አምስት ዓመት ሲሆን ኮሚሽኑ ከፈቀደ አንድ ጊዜ ብቻ ይታደሳል። እንግዲህ ማንም ብቻውን አይሾምም፤ የተሾመውም ለዘላለም አይቀመጥም።

በዚያው ዓመት በአዛዥነት የተተካው ዊሊ ዊልያምስ ከፊላዴልፊያ የመጣ ሲሆን የከተማይቱ የመጀመሪያው ጥቁር አዛዥ ነበር። በ1997 ዘመኑ ሳይታደስለት ቀረ። ተከታዩ በርናርድ ፓርክስም በ2002 ለሁለተኛ ዘመን ሲያመለክት ተከለከለ፤ ከንቲባው ጄምስ ሃን እድሳቱን በይፋ ተቃውሞ ስለ ነበር ብዙ ጥቁር ደጋፊዎቹ ተቀየሙት፤ በ2005ም በምርጫ ተሸነፈ። ከዚህ እንደምናየው አዲሱ ሕግም ፖለቲካን ጨርሶ አላስወገደም። ልዩነቱ ክርክሩ በአደባባይ፣ በታወቀ ቀን፣ ቦምብም ሆነ ቃጠሎ ሳያስፈልግ መካሄዱ ነው። ከእነርሱ በኋላ ዊልያም ብራተን፣ ቻርሊ ቤክና ማይክል ሙር ተፈራርቀው ሠርተዋል፤ በ2024ም ከንቲባ ካረን ባስ ጂም ማክዶኔልን መርጣ ምክር ቤቱ አጽድቆላታል። በነገራችን ላይ ፓርክስ በተከለከለበት በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘው ሰፈር በከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ስለዚህ ይህ ታሪክ እዚያ ሱቅ ከፍተው፣ ዜግነት ይዘው ድምፅ ለሚሰጡ ወገኖቻችንም የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ ለመምህራን ጓዶቻችን አንድ ነገር እንጠቁም። እኛ ይህን ትምህርት በምንሰጥበት ጊዜ ክፍሉን በሦስት እንከፍለዋለን፤ አንዱ ወገን ኮሚሽን፣ አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ ምክር ቤት ይሆንና ለምናባዊ ከተማ አዛዥ ይመርጣሉ። መጀመሪያ በሞከርንበት ቀን ሦስቱም ወገኖች አንድ ሰዓት ሙሉ የተከራከሩት ስለ ዕጩው ነበር፤ ደፋር ይሁን፣ የተማረ ይሁን፣ የአካባቢው ሰው ይሁን እያሉ። ደወል ሊደወል ሲቃረብ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሠልጣኝ እጅዋን አውጥታ «ሁላችንም ደግ ሰው ፈለግን፤ ደጉ ሰው ቢለወጥብንስ ምን እናደርጋለን?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም መልሱን አልነገርናቸውም፤ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አቆየነው።

የሎስ አንጀለስ ሕዝብ ይህን ጥያቄ በሕጉ ውስጥ እስኪጽፍ ድረስ ብዙ ደም ፈስሶበታል። ተማሪዎቻችን ነገ ሿሚም ተሿሚም ይሆናሉ። ጥያቄውን ዛሬ በክፍል ውስጥ፣ በእርሳስና በወረቀት ቢለምዱት ዋጋው እጅግ ይቀንሳል።