ጎማ የማይገባበት አገር

እኔ አደን የጀመርኩት በተሸካሚነት ነው። በ2012 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ልቁጠር) አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተራራ ላይ ኤልክ ይጥልና የሚያግዘው ሰው ያጣል። «ሁለት ቀን አግዘኝ፣ ሲሶው ሥጋ ያንተ ነው» አለኝ። እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ የሥጋ ዋጋ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና ሳላቅማማ ተነሣሁ።

ኤልክ ወገኑ ከአጋዘን ቢሆንም አካሉ የበሬ ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ይደርሳል። የወደቀው ደግሞ ፍላት ቶፕስ በሚባል ቦታ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ያለ፣ 3,000 ሜትር ግድም ከፍ ብሎ አናቱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ተራራ ነው። «መኪናውን እስከ የት እናስጠጋው?» ብዬ ስጠይቅ ባልደረባዬ ሳቀ። ቦታው በ1975 ጥብቅ ምድረ በዳ ተብሎ ተከልሏል። በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ወዳለ ቦታ መኪናና ሞተር ብቻ ሳይሆን ብስክሌትም፣ በእጅ የሚገፋ ጋሪም አይገባም። ከአካል ጉዳተኛ ወንበር በቀር ጎማ ክልክል ነው። የነገሩ ሥር እዚያው ተራራ ላይ ይገኛል። በ1919 አርተር ካርሃርት የተባለ የደን መሥሪያ ቤት ባለሙያ በትራፐርስ ሐይቅ ዳር የበጋ ቤቶች የሚሠሩበትን መሬት እንዲቀይስ ይላካል፤ ሐይቁን አይቶ ተመለሰና «እንዳለ ይተው» ብሎ አለቆቹን አሳመነ።

የካርሃርትን ውለታ በትከሻዬ ከፈልኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በሦስተኛው ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

አባቴ ከመንዝ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ቀኑን መስኮት ዳር ተቀምጦ መኪና ሲቆጥር ይውል ነበር። ወጣት ሳለ ከአባቱ ጋር በቅሎ እየጫነ ገበያ ለገበያ የዞረ ሰው ነው። ማታ ጀርባዬን ቅባት ሲያሸኝ «በሬ የሚያክል አውሬ በሰው ጀርባ?» አለ። «እዚህ አገር በቅሎ አልተፈጠረም እንዴ?»

ተፈጥሯል። በማግስቱ ዓመት ከተራራው ግርጌ በቅሎ የሚያከራይ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ። የመጀመሪያችን ስለነበር ከእኔና ከአባቴ ጋር ብዙ መንገድ ሊሄድ ተስማማ። ከአባቴ ጋር ያላቸው የጋራ ቋንቋ «ሃሎ» ብቻ ነበር።

ሽማግሌው የጭነት ከረጢቶቹን አንድ በአንድ በሚዛን ይሰቅላል። የግራው ከቀኙ በአንድ ኪሎ ያህል ከበለጠ ጭነቱ ይጋደላል፣ የተጋደለ ጭነት የበቅሎዋን ጀርባ ይልጣል። አባቴ ጥቂት ሲያይ ቆየና ሁለቱን ከረጢት በሁለት እጁ አነሣ። ከቀኙ አንድ የባቄላ ጣሳ አውጥቶ ወደ ግራው ከተተ። ሽማግሌው ሰቅሎ አየው፤ እኩል። አንድም ቃል ሳይናገር ሚዛኑን መኪናው ውስጥ ወረወረው።

ገመድ ላይ ግን የመማር ተራው የአባቴ ነበር። የአሜሪካኖቹ ቋጠሮ ጭነቱ አናት ላይ ተሻግሮ የአልማዝ ቅርጽ ይሠራል፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ከአራቱም ጎን ይጠብቃል። በጠፍር መጫኛ ያደገው አባቴ ሦስቴ አስፈትቶ ሦስቴ አሳሰረው። እኔ የማውቅ መስዬ አንዷን በቅሎ ለብቻዬ ጫንኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ጭነቱ ሆዷ ሥር ተንሸራተተ፣ ደነገጠች፣ ረገጠች፤ የአምስት ቀን በሶ በረዶው ላይ ተበተነ። አባቴ አልተቆጣም። «ሆዷን ነፍታ ነው የጠበቀችህ» አለኝ። «ጥቂት አስኪደህ እንደገና ታጠብቃለህ።»

ከሰዓት በኋላ ጅረት ላይ ስንደርስ መሪዋ በቅሎ አልሻገርም አለች። ሽማግሌው አፏጨ፣ በምላሱ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ሳበ። አባቴ ከኋላ መጣና እጁን ታፋዋ ላይ አሳርፎ «መጭ!» አላት። ጆሮዋን ቀሰረች፤ ተሻገረች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዘጠኝ ጥቅምት አብረን ወጣን፤ ልጆቼም ሲጎረምሱ ተከተሉን። ሕጉ ብዙ ነው። ከጥር 1, 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ፈቃድ ለማግኘት የአዳኝነት ትምህርት መማር አለበት፤ አባቴ ከዚያ በፊት የተወለደ ስለሆነ «እኔን ሳይፈትኑ አሳለፉኝ» ይላል፣ ጠመንጃ ባይነካም። በጠመንጃ ወቅት አዳኝ ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ልብስና ቆብ ማድረግ አለበት። እሱ አዳኝ ባይሆንም ሰደሪያውን ከጋቢው በላይ እናጠልቅለታለን። ለበቅሎዎቹ የምንጭነው ድርቆሽ እንኳ ከአረም ዘር ንጹሕ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ፋንድያው ተራራው ላይ ባዕድ አረም እንዳይዘራ ነው። «ድርቆሹም ቪዛ አለው» አለ አባቴ።

አንዱን ሕግ ግን ከልቡ ወደደው፦ የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድ ወንጀል ነው። በእኛ አገር በድሮው ዘመን አደን ግዳይ ነበር። አንበሳ፣ ጎሽ ወይም ዝሆን የጣለ ይፎክራል፣ ቅቤ ይቀባል፤ የሥጋው ነገር ብዙም አይወራም። እዚህም በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ኤልኩን ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ኋላ ከዋዮሚንግ ጭምር አምጥተው አረቡት። ዛሬ ኮሎራዶን በኤልክ ብዛት የሚስተካከል ግዛት የለም። ታዲያ አውሬው ሲወድቅ አንፎክርም። ሮጬ ደርሼ በሥላሴ ስም አንገቱን እባርካለሁ። አባቴ በእጁ አፈር ዝቆ ደሙን ይሸፍናል፤ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲከድን ኦሪት ዘሌዋውያን ያዛልና። ከዚያ ሁለቱ የኋላ እግሮች በአንዷ በቅሎ፣ የፊቶቹና የቀረው ሥጋ በሌላዋ፣ ግራና ቀኝ በእጅ ተመዝነው ይጫናሉ።

እናቴ በመጀመሪያው ዓመት ሥጋውን በዓይኗም አላየችው። «የዱር አውሬ ቤቴ አይገባም» አለች። አባቴ ዘዳግም ምዕራፍ 14ን ገልጦ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት መቆጠራቸውን አነበበላት። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» የኤልክ ሥጋ ጮማ የለውም፤ ለክትፎ ባይመችም ለቋንጣ እንደሱ ያለ አላየሁም፣ ቶሎ ይደርቃል። አሁን ምድር ቤት ገመድ ዘርግታ፣ በርበሬና ጨው አሽታ፣ የአየር ማራገቢያ ከፍታ የምታደርቀው ራሷ ናት።

የሚገርመው፣ ሥጋ ፍለጋ የምንወጣው በጾም መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ከጽጌ ጾም ይገጥማል። የፈቃድ ጾም ቢሆንም አባቴ አይተወውም፤ ሥጋ በጫነች በቅሎ ጎን በሶ እየበጠበጠ ይወርዳል። ለኛ ግን ተስማምቶናል። በ1967 እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ የታወቀ አጋዘንን የሚያመነምን የአንጎል በሽታ አለ፤ ወደ ሰው ሲተላለፍ ባይታይም ናሙና አስመርምረን ውጤቱን እንጠብቃለን። ውጤቱ እስኪመጣ ጾሙ ያልቃል፤ የመጀመሪያው ጥብስ የሚቀርበው ለኅዳር ቁስቋም ነው። አባቴ በየዓመቱ ጥሬውን ይመኛል፤ እናቴ በየዓመቱ ቢላዋውን ትደብቃለች።

ከ2021 ወዲህ ጉልበቱ እንቢ ስላለው አባቴ ተራራ አይወጣም። ባለፈው ጥቅምት በቅሎዎቹን ልንረከብ ስንሄድ ሽማግሌው ከቴክሳስ ለመጡ ወንድማማቾች ሌላ ጥንድ እያስረከበ ነበር። ገመዱን አሳያቸው፣ ሚዛኑን ሰጣቸው። ሰዎቹ ሊነሡ ሲሉ አንደኛዋ በቅሎ እግሯን ተከለች። አንደኛው ሰውዬ ቢጎትት፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች። ሽማግሌው አጥሩን ተደግፎ፣ «ጠበቅ አድርገህ ተናገር» አለውና ቃሉን ነገረው።

ቴክሳሳዊው ዞሮ በቅሎዋን እያየ፣ «መች!» አላት።

«መጭ» ብላ አረመችው ልጄ።