የአረጋጋጮች ውድድር

የአረጋጋጮች ውድድር በብሎክቼይን የሙከራ መረብ ላይ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን እያሠሩ የሚፎካከሩበት ፍተሻ ነው። አረጋጋጭ (ቫሊዴተር) የሚባለው አዳዲስ የሂሳብ ዝውውሮችን መርምሮ በፊርማው የሚያጸድቅ ኮምፒውተር ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል። የውድድሩ ዓላማ እውነተኛ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ዋናው መረብ ከመከፈቱ በፊት ስሕተቶችን ማግኘት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስፈላጊነቱ

በሙከራ መረብ (ቴስትኔት) ላይ ያሉ ሳንቲሞች ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ ተሳታፊው ኮምፒውተሩን ቢያጠፋ ወይም ቢያጭበረብር የሚያጣው ነገር የለም። ሰዎች ጥቅም ሲኖርበት ምን እንደሚያደርጉ ለማየት አዘጋጆቹ ነጥብና ሽልማት ያወጣሉ።

ብዙ መረቦች አንድን ብሎክ ለማጽደቅ ከድምፁ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይፈልጋሉ። እኩል ድምፅ ካላቸው 100 አረጋጋጮች ቢያንስ 67ቱ መስማማት አለባቸው፤ 34ቱ በአንድ ጊዜ ከጠፉ ማጽደቁ ይቆማል።

አሠራር

ተወዳዳሪው ሶፍትዌሩን ይጭናል፣ የፊርማ ቁልፍ ያወጣል፣ የሙከራ ሳንቲም በመያዣነት ያስቀምጣል። ዋናው የነጥብ መለኪያ ሳያቋርጡ መሥራት ነው፤ ከ10,000 ብሎኮች 500 ያመለጡት አረጋጋጭ 95 በመቶ ያገኛል። ስሕተት ፈልጎ ማሳወቅም ያስመዘግባል። የአዘጋጆቹ የዘወትር ችግር አንድ ሰው በብዙ ስሞች ተመዝግቦ ብዙ ሽልማት ለመውሰድ መሞከሩ ነው።

የታወቁ ሙከራዎች

ኮስሞስ፦ በዲሴምበር 2018 «ጌም ኦፍ ስቴክስ» የተባለው ውድድር ተጀመረ። ተወዳዳሪዎች እርስ በርስ እንዲጠቃቁ ተፈቅዶ ነበር፤ ሽልማቱም አቶም የተባለው ሳንቲም ነበር። ዋናው መረብ ማርች 13 ቀን 2019 ሥራ ጀመረ።

ካርዳኖ፦ በዲሴምበር 2019 ሽልማት ያለው የሙከራ መረብ ከፈተ። በሙከራው የተገኘው ክፍያ በኋላ ወደ እውነተኛ አዳ እንዲለወጥ ተደርጓል። «ሼሊ» የተባለው ማሻሻያ በዋናው መረብ ላይ የዋለው ጁላይ 29 ቀን 2020 ነው።

ኢቴሪየም፦ «ሜዳላ» የተባለው የሙከራ መረብ ኦገስት 4 ቀን 2020 ለሕዝብ ተከፈተ። ውድድር ባይሆንም ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ከአሥር ቀን በኋላ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የሚጠቀሙበት «ፕሪዝም» የተባለው ሶፍትዌር ሰዓቱን ከተሳሳተ ምንጭ በመውሰዱ መረቡ ለቀናት ተናግቷል። ሁሉም አንድ ሶፍትዌር መጠቀሙ አደገኛ መሆኑ በዚህ ታየ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

ካርዳኖን የሠራው አይኦኤችኬ ኩባንያ በ2018 ከኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈራረመ። በ2019 ለኢትዮጵያና ለኡጋንዳ ሴቶች በአዲስ አበባ የሃስኬል ፕሮግራሚንግ ሥልጠና ሰጠ። በኤፕሪል 2021 ደግሞ ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች የትምህርት መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር መስማማቱ ተገለጸ። እነዚህ ሥራዎች ሶፍትዌር በመጻፍና በመጠቀም ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ አረጋጋጭ ሆኖ መሥራት ግን መብራትና ኢንተርኔት ሳይቋረጥ ማግኘትን ይጠይቃል።

ጁን 30 ቀን 2020 በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። በኮስሞስ ሕግ ካለፉት 10,000 ብሎኮች 5 በመቶውን ያልፈረመ አረጋጋጭ ከሥራ ይታገዳል፤ ከመያዣውም 0.01 በመቶ ይቀነስበታል። አንድ ብሎክ ያኔ ሰባት ሰከንድ ያህል ይወስድ ስለነበር በልደታ ኮንዶሚኒየም ከቤቱ የሚሠራ ተማሪ ቢኖር ኖሮ አንድ ቀን ሳይሞላው በታገደ ነበር።

መብራት ሲጠፋ እንዲተካ ብሎ አንዱን ቁልፍ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ መጫን የባሰ አደጋ አለው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከበሩ ድርብ ፊርማ ይፈጠራል፤ ቅጣቱም ከመያዣው 5 በመቶና ለዘለቄታው መታገድ ነው። በሙከራ መረብ ላይ ይህ ስሕተት ነጥብ ብቻ ያስቀንሳል፤ በዋናው መረብ ላይ ግን ሳንቲማቸውን በአደራ የሰጡ ሰዎችም ገንዘብ ያጣሉ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በሳንቲም የሚከፈል ሽልማት በአገር ውስጥ ለሚኖር ተወዳዳሪ የሕግ ጥያቄ ያስነሣል።